ገላጋይ የሌለው ጠብ

ባለፈው ጥቅምት የወንድሜ ልጅ ከንፈሩ አብጦ፣ የግራ ዓይኑ ተጨፍኖ እቤቴ መጣ። ገና የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነው።

"ምን ሆነህ ነው?" አልኩት።

"ወድቄ ነው፣ ጋሼ።"

የወደቀ ሰው ክርኑ ይላጣል፣ ጉልበቱ ይደማል እንጂ ከንፈሩና ዓይኑ በአንድ ጊዜ አይመታም። የራሴን ልጅነት ስላልረሳሁ ብዙ አልተጫንኩትም። እውነቱን የነገረችኝ ታላቅ እህቱ ናት፤ እሷም የነገረችኝ በአፏ ሳይሆን በስልኳ ነው። ግማሽ ደቂቃ እንኳ የማይሞላ ቪዲዮ ከፍታ አሳየችኝ። ከትምህርት ቤት አጥር ጀርባ ሁለት ልጆች ሸሚዛቸውን አውልቀው ይደባደባሉ። አንደኛው የኛው ጉድ ነው። ሙዚቃ ተለጥፎበታል። ቡጢው ሊያርፍ ሲል ምስሉ ዝግ ይልና ካረፈ በኋላ መልሶ ይፈጥናል። አንድ ተማሪ ደግሞ ድምፁን እንደ ስፖርት ጋዜጠኛ አጎርንኖ "በቀይ ማዕዘን..." እያለ ያስተላልፋል።

እኔን ያስደነገጠኝ ቡጢው አይደለም። እኛም ተደባድበናል። በኛ ጊዜ ሁለት ቁልል አፈር ሠርቶ "ይቺ የእናትህ ጡት ናት፣ ይቺ የእናቱ" እያለ ሰው የሚያፋጅ ነገረኛ አይጠፋም ነበር። "በለው! በለው!" የሚለውም ብዙ ነው። ግን ደም ሲታይ አንድ ሰው ይገባል። አላፊ አግዳሚው፣ ባለሱቁ፣ ነጠላዋን አሸርጣ ከግቢ የምትወጣ እናት፣ ማንም ይሁን ማን፣ መሐል ገብቶ ይገላግላል። እሱም ቢጠፋ ከከበቡት ልጆች የአንዱ ልብ ይራራል። በቪዲዮው ላይ ግን ዐሥራ አምስት የሚሆኑ ልጆች ቆጠርኩ። ሁሉም እጃቸውን ዘርግተዋል። የዘረጉት ግን ሊገላግሉ አይደለም፤ በየእጁ ስልክ አለ። ገላጋዩ ሁላ ካሜራማን ሆኗል!

"ስንት ሰው አየው?" አልኳት።

"አራት ሺህ ገደማ" አለችኝ፣ ምን አላት በሚል ድምፅ።

በማግሥቱ ልጁን አስቀምጬ የጠቡን ምክንያት ጠየቅሁት። "ጠብ የለንም እኮ፣ ጋሼ። ጓደኛዬ ነው። ኮንተንት ለመሥራት ነው" አለኝ። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ቀጠለና፣ "ደግሞ ዩኤፍሲም እኮ እንደዚህ ነው የጀመረው" ብሎ ደመደመልኝ።

ለዓመታት ጥቁር ሰሌዳ ሥር ቆሜ ድርሰት ሳርም የኖርኩ ሰው ነኝና እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ሲያልፈኝ ያሳክከኛል። ልጁ ግማሽ እውነት ይዟል። ቀሪውን ግማሽ ግን ቪዲዮው አልነገረውም። እስቲ ታሪኩን ከሥሩ እናንሳው። (ዓመቶቹን የምጠቅሰው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።)

ጠብና የፍልሚያ ስፖርት በመልክ ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ውስጥ ቡጢ አለ፣ ደም አለ፣ "በለው" የሚል ሰው አለ። የሚለያያቸው አንድ ነገር ነው፤ ስፖርት ማለት ገላጋይ የተቀጠረለት ጠብ ነው። በ1867 እንግሊዝ አገር ላይ የኩዊንስበሪ ደንብ የሚባለው ሲታተም የቦክስን መልክ የለወጡት ጓንቱ፣ የሦስት ደቂቃው ዙርና ለወደቀ ሰው የሚቆጠሩለት ዐሥር ሴኮንዶች ናቸው። ዐሥር ሴኮንድ ማለት እኮ "ቆይ፣ ሰው ነው" ማለት ነው።

እንግዲህ ታሪኩን ደጋግሜ ስመለከተው አንድ ነገር ይታየኛል። ፍልሚያን ለሰው የሚያደርስ አዲስ መሣሪያ በተፈጠረ ቁጥር ቀድሞ የሚደርሰው ተመልካች ነው። ገላጋዩ የሚመጣው ዘግይቶ፣ አንዳንዴም እያነከሰ ነው።

መጀመሪያ ሲኒማ መጣ። መጋቢት 17 ቀን 1897 በአሜሪካ ኔቫዳ፣ ካርሰን ሲቲ በምትባል ከተማ ጄምስ ኮርቤትና ቦብ ፊትዝሲመንስ ለዓለም ሻምፒዮንነት ተጋጠሙ። ግጥሚያው በፊልም ተቀረጸ። ሲኒማ ገና ዳዴ በሚልበት በዚያን ዘመን ፊልሙ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚፈጅ ነበር። ቦክስ በሕግ በተከለከለባቸው ከተሞች የሚኖሩ ሰዎች፣ ፍልሚያ ያለበት ቦታ ዝር የማይሉ ሴቶች ሳይቀሩ፣ አዳራሽ ገብተው አዩት። ቦክስ ከመጠጥ ቤት ጓሮ ወጥቶ ወደ ከተማ አዳራሽ የገባው አንድም በዚህ ፊልም ነው።

ዐሥራ ሦስት ዓመት ቆይቶ ሌላው ፊቱ ታየ። ሐምሌ 4 ቀን 1910 ሪኖ በተባለች ከተማ ጥቁሩ ሻምፒዮን ጃክ ጆንሰን፣ "የነጮች ተስፋ" የተባለውን ጂም ጄፍሪስን በዐሥራ አምስተኛው ዙር ጣለው። ዜናው በቴሌግራፍ እንደተሰማ በብዙ ከተሞች ረብሻ ተነሣ፣ ጥቁሮች ተገደሉ። ፊልሙም በየቦታው ታገደ። በ1912 የአሜሪካ ኮንግረስ የቦክስ ፊልም ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው እንዳይጓጓዝ ሕግ አወጣ፤ ሕጉ የተሻረው በ1940 ነው። ልብ አድርጉልኝ፤ የተከለከለው ጥቁሮቹን የገደለው እጅ አይደለም፤ ጥቁር ሲያሸንፍ የሚያሳየው ምስል ነው። ገላጋዩ መጣ፣ የመጣው ግን ወደ ተሳሳተው ወገን ነው።

ቀጥሎ የጋዜጣና የሬዲዮ ዘመን ደረሰ። እዚህ ላይ የኛም ስም ይነሣል። ሰኔ 25 ቀን 1935 ኒውዮርክ፣ ያንኪ ስታዲየም፣ ከስልሳ ሺህ በላይ ሰው ተሰብስቧል። በአንድ ወገን የሃያ አንድ ዓመቱ ጥቁር አሜሪካዊ ጆ ሉዊስ፣ በሌላው ወገን ቁመቱ ሁለት ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው የቀድሞው የዓለም ሻምፒዮን፣ ጣሊያናዊው ፕሪሞ ካርኔራ። ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ጦሩን ያጓጉዝ የነበረበት ወቅት ነው። የአሜሪካ ጋዜጦች ግጥሚያውን የኢትዮጵያና የጣሊያን አድርገው ጻፉት፣ በካርቱን ሣሉት። ሁለት ቡጢኞች ሳያስቡት የሁለት አገር ባንዲራ ተሸከሙ። አስተዋዋቂው ረብሻ እንዳይነሣ ሕዝቡን በጨዋነት እንዲመለከት መማጸን ነበረበት። ሉዊስ በስድስተኛው ዙር ካርኔራን ሦስት ጊዜ ጣለው፤ ዳኛው እጁን ዘርግቶ ግጥሚያውን አስቆመ። ሃርለም በደስታ ታወከች።

ሪንጉ ላይ ገላጋይ ነበረ። ለኢትዮጵያ ግን ገላጋይ ይሆናል የተባለው የመንግሥታቱ ማኅበር ከሦስት ወር ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ጥቅምት 3 ቀን ጣሊያን መረብን ሲሻገር ቆሞ ተመለከተ። ጃንሆይ በዓመቱ ጄኔቭ ድረስ ሄደው የተናገሩት ለዚህ ለተመልካች ሕዝብ ነበር።

ማያ አንጀሉ በ1969 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ ውስጥ፣ አያቷ ሱቅ ውስጥ ሰው እላይ በላይ ተጨናንቆ የጆ ሉዊስን ፍልሚያ በሬዲዮ ሲያዳምጥ የሚያሳይ ምዕራፍ አለ። ክፍል ውስጥ ሳስተምረው ተማሪዎቼን አንድ ጥያቄ እጠይቃቸው ነበር፤ "እነዚህ ሰዎች የሚያዳምጡት ቦክስ ነው?" መልሱ አይደለም ነው። የሚያዳምጡት የራሳቸውን ዕጣ ነው። አንድን የፍልሚያ ስፖርት የሚያሳድገው፣ ያኔም ዛሬም፣ ቡጢው ላይ የሚለጠፈው ታሪክ ነው። የኛ አባቶች ይህን ያወቁት ቀደም ብለው ነው። ሽለላው፣ ቀረርቶው፣ ፉከራው ከጦሩ እኩል ይዘምት ነበር። ጀግናው የፈረሱን ስም ጠርቶ፣ ዘሩን ቆጥሮ ካልፎከረ ጀግንነቱ ሙሉ አይሆንም። ዛሬ "ፕሮሞሽን" የሚሉት ነገር እኛ ዘንድ ወግ ነበረው።

የኔ ትውልድ ደግሞ የቪዲዮ ቤት ትውልድ ነው። ጠባብ ክፍል፣ አግዳሚ ወንበር፣ በጥቁር ጨርቅ የተሸፈነ መስኮት፣ ከፊት አንዲት ቴሌቪዥን። እዚያ ውስጥ ብሩስ ሊን ስናይ ሰውዬው ከሞተ ቆይቷል፤ ያረፈው በ1973 ነው። ለኛ ግን በየሳምንቱ ይነሣል። ስንወጣ የመንገዱ ልጅ ሁሉ "ዋታ!" እያለ አየር ይራገጣል። ከሰፈራችን አንድ ልጅ በመጥረጊያ እንጨትና በሰንሰለት የራሱን ንቻክ ሠርቶ የገዛ ግንባሩን ተረተረው። ይሁንና በየቀበሌው አዳራሽ ካራቴና ቴኳንዶ የሚያስተምሩ ሰዎች ብቅ ብቅ አሉ። ቀበቶ መጣ፣ ጎንበስ ብሎ እጅ መንሣት መጣ፣ "ከማሠልጠኛው ውጭ የተደባደበ ይባረራል" የሚል ሕግ መጣ። ፊልሙ ተመልካች አደረገን፣ አሠልጣኙ ግን ስፖርተኛ አደረገን። እንዲህ እንዲህ እየተባለ ነው ኢትዮጵያ በ2021 ቶኪዮ ላይ በተካሄደው ኦሊምፒክ በቴኳንዶ ጭምር ለመወዳደር የበቃችው።

አሁን ወደ ልጁ ነጥብ እንምጣ። ዩኤፍሲ እንዴት ጀመረ?

ኅዳር 12 ቀን 1993 ዴንቨር፣ ኮሎራዶ። ስምንት ተፋላሚዎች፣ ስምንት ማዕዘን ያለው አጥር፣ ያሸነፈ 50,000 ዶላር። ቦክሰኛ ከታጋይ፣ ካራቴ ከሱሞ ቢጋጠም ማን ያሸንፋል የሚል የሰፈር ልጆች ክርክር ወደ ገበያ የወጣበት ቀን ነው። የኪሎ ገደብ የለም፣ ነጥብ የለም፣ መናከስንና ዓይን መጓጎልን የመሳሰሉ ጥቂት ነገሮች ብቻ ናቸው የተከለከሉት። በመጀመሪያው ግጥሚያ የአንዱ ጥርስ ተመልካች ወዳለበት በረረ። ያሸነፈው ግን ከሁሉም ቀጠን ያለው ብራዚላዊ ሮይስ ግሬሲ ነው፤ በጁጂትሱ አንድ በአንድ እያነቀና እየጠመዘዘ "በቃኝ" አሰኛቸው። ሰው ቤቱ ሆኖ ከፍሎ በኬብል ቴሌቪዥን አየው። አዲስ መሣሪያ፣ ብዙ ተመልካች፣ ለስሙ ያህል ገላጋይ። ልጁ የያዘው ግማሽ እውነት ይኸው ነው።

ቀሪው ግማሽ እንዲህ ነው። ያ ዓይነቱ ዩኤፍሲ ሊሞት ደርሶ ነበር። ሴናተር ጆን ማኬይን "የሰው አውራ ዶሮ ፍልሚያ" ብለው ለሃምሳዎቹም ግዛቶች ገዥዎች ደብዳቤ ጻፉ። በ1997 ትልልቆቹ የኬብል ኩባንያዎች ከማሰራጫቸው አወጡት። ያዳነው ደንብ ነው። በ2000 በኒውጀርሲ ግዛት ተቆጣጣሪዎች ሥር ጓንት፣ የኪሎ ክፍል፣ ዙር፣ የሐኪም ምርመራ፣ የማይመቱ ቦታዎች ዝርዝር ተበጀለት። በጥር 2001 ሁለቱ የፈርቲታ ወንድማማቾችና ዳና ዋይት ድርጅቱን በ2 ሚሊዮን ዶላር ገዙት። ዓመታት ሙሉ ከሠሩ በኋላ በ2005 የተፋላሚዎችን የእልፍኝ ኑሮ በሚያሳይ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ሰው ልብ ገቡ። ዩቲዩብ የተፈጠረውም በዚያው ዓመት ነው። ግጥምጥሞሹ ይገርማል፤ ስፖርቱ ሰው ፊት ለመቅረብ የሚያበቃ ልብስ የለበሰው የዓለም ሁሉ መስኮት ሊከፈት ሲል ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። ድርጅቱ በ2011 መጀመሪያ ግጥሚያዎችን በፌስቡክ በቀጥታ ማሳየት ጀመረ። በዚያው ዓመት ትዊተር ላይ ብዙ ተከታይ ላፈሩ ተፋላሚዎች የገንዘብ ሽልማት መደበ። እዚህ ላይ ቆም ብለን እናስብ። ለቡጢ ሳይሆን ለወሬ ደመወዝ የተቆረጠበት ጊዜ ነው። አየርላንዳዊው ኮነር ማክግሪገር ይህን ከሁሉ ቀድሞ ገባው። በ2013 ሲመጣ ከመንግሥት ድጎማ የሚኖር የቧንቧ ሥራ ተለማማጅ የነበረ ሰው ነው። በቀረርቶው ዓለምን አዳረሰ፣ በታኅሣሥ 2015 ደግሞ ጆዜ አልዶን በ13 ሴኮንድ ዘረረው። አፉና እጁ እኩል የሄዱለት ቀን ነበር። በ2016 ድርጅቱ ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር በሚጠጋ ዋጋ ተሸጠ። ከ2 ሚሊዮን ወደ 4 ቢሊዮን፣ በዐሥራ አምስት ዓመት!

ግን ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በሚያዝያ 2018 ይኸው ማክግሪገር ብሩክሊን ላይ ተቀናቃኙ ካቢብ ኑርማጎሜዶቭ የተሳፈረበትን አውቶቡስ በእጅ ጋሪ ወርውሮ መስታወቱን ሰበረ፣ ሌሎች ተፋላሚዎች ቆሰሉ። ፍርድ ቤት ቀረበ። የተቀረጸው ምስል ግን ማስታወቂያ ሆኖ አረፈው። ስድቡ ወደ ሰውየው ሃይማኖትና አባት ተሻገረ። በጥቅምት ካቢብ አንቆ ካሸነፈው በኋላ አጥሩን ዘልሎ ወደ ማክግሪገር ወገኖች ገባ፣ አዳራሹ ተተራመሰ። ግጥሚያው ከ2 ሚሊዮን በላይ ገዥ አገኘ። ጠቡ ስፖርቱን ሸጠው፣ ከዚያ ተመልሶ ጠቡ ራሱ ወጣ።

ፉከራው በወግ ይዘምት ነበር ብያለሁ። ወግ ማለት ወሰን ነው። የኛ ፎካሪ ጉባኤ ፊት ነው የሚፎክረው፤ የሚያውቁት ሰዎች ፊት። ያልሠራውን ሠራሁ ቢል መሳቂያ ይሆናል። ስልክ ላይ የሚፎክር ሰው ግን የሚያፍርበት ጉባኤ የለውም፤ ያለው ቁጥር ብቻ ነው።

ከጓሮ የመጣም ነበር፤ ልጁ ያሰበው እሱን ሳይሆን አይቀርም። ኪምቦ ስላይስ የሚባለው የማያሚ ሰው በየጓሮው በባዶ እጅ ሲደባደብ የተቀረጹ ቪዲዮዎች በኢንተርኔት ገነኑና በግንቦት 2008 ትልቅ የአሜሪካ ቴሌቪዥን ጣቢያ ላይ አሸናፊ ሆኖ ታየ። በጥቅምት ግን የመጨረሻው ሰዓት ላይ በተተካ ተጋጣሚ በ14 ሴኮንድ ተሸነፈ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ ሲያጨበጭብለት የነበረው ሕዝብ ሳቀበት፣ ያጋጠመው ድርጅትም በዚያው ወር ተዘጋ። ኪምቦ በ2016 በ42 ዓመቱ በልብ ሕመም አረፈ። የሚያውቁት ትሑትና ለፍቶ አዳሪ ነበር ይላሉ። ጓሮው ዝና ሰጠው። የሰለጠነ ታጋይ የሚያደርጉትን ዓመታት ግን አልሰጠውም።

ስልክን ብቻ መርገም ግን ቀላል ነው፤ ፍርደ ገምድልነትም ነው። ዳና ዋይት በ2011 ሴቶች እዚህ አጥር ውስጥ አይገቡም ብሎ ነበር። ሮንዳ ራውዚ በ2013 ገባች፤ ያስገባት በዝናዋ ብዛት የተሰበሰበው ሕዝብ ነው። ፍራንሲስ ንጋኑ ካሜሩን ውስጥ በልጅነቱ አሸዋ ሲቆፍር ያደገ፣ በረሃና ባሕር አቋርጦ ስፔን የታሰረ፣ ፓሪስ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ያደረ ሰው ነው። በ2021 የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ሲሆን ታሪኩ በስልክ መንደር ለመንደር ዞረ። የትኛውም የአፍሪካ ልጅ ዛሬ ጥሩ አሠልጣኝ የሚያስተምረውን በነፃ ማየት ይችላል። ይህን ማን ይጠላል?

የሚያሳስበኝ ሌላው ጫፍ ነው። መሣሪያው ስፖርት ከማድረስ አልፎ በራሱ ልክ ስፖርት መቁረጥ ጀምሯል። የጥፊ ውድድር የሚባለውን አይታችኋል? ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይቆማሉ፣ በተራ ይጠፋጠፋሉ፣ አለቀ። ለስልክ ስክሪን የተሰፋ ነው። በ2021 ፖላንድ ውስጥ በእንዲህ ዓይነት ውድድር የተዘረረ ሰው ሆስፒታል ገብቶ በወሩ ገደማ ሞተ። ይህ እየታወቀ በ2022 የኔቫዳ ተቆጣጣሪዎች ለጨዋታው ፈቃድ ሰጡ። ዳኛ አለው፤ ነገር ግን መሸሽና መከላከል ጥፋት ስለሆነ ዳኛው የሚጠብቀው ሰውየው ራሱን እንዳያድን ነው። ገላጋይ የሚመስል ያዥ!

በኅዳር 2024 የ27 ዓመቱ የዩቲዩብ ዝነኛ ጄክ ፖል ከ58 ዓመቱ ማይክ ታይሰን ጋር ቴክሳስ ላይ ተጋጠመ፤ ስታዲየሙ ከ70 ሺህ በላይ ሰው ያዘ። ተጋጣሚ የመረጠው ደረጃ ሳይሆን የተከታይ ቁጥር ነው። ወጣቱ በነጥብ አሸነፈ፤ ሽማግሌው ግን ስምንቱን ዙር ቆሞ ጨረሰ፤ ሁላችንም ቆመን አየን። እኔም አይቻለሁ፤ አልዋሽም።

ይህን ሁሉ ለወንድሜ ልጅ ተረኩለት። አንዳንዱን ሰማኝ፣ አንዳንዱን አዛጋበት። በመጨረሻ "እሺ፣ ምን ላድርግ ታዲያ?" አለኝ። መፋለም ከፈለግህ ገላጋይ ያለበት ቦታ ሂድ አልኩት። ሰፈራችን አጠገብ ካለ ማሠልጠኛ ይዤው ሄድኩ። አሠልጣኙ በሩ ላይ ካርቶን አስቀምጧል፤ ስልክ እዚያ ይቀመጣል። ወለሉን የሚጠርገው አዲስ ገቢ ነው።

ወር ሲሞላው ስልጠናው እንዴት እንደሆነ ጠየቅሁት።

"ምንም አልተማርኩም እኮ፣ ጋሼ። አንድ ወር ሙሉ መውደቅ ብቻ! በጎን መውደቅ፣ በጀርባ መውደቅ፣ አንገት ሲያዝ ደግሞ በእጅ መታ መታ አድርጎ 'በቃኝ' ማለት።"

"ጓደኛህስ?"

"እሱም ተመዝግቧል። ትናንት አንቄው መታ መታ ሲያደርግ ለቀቅሁት።"

ቪዲዮው ግን አሁንም አለ። የለጠፈው ልጅ አላነሣውም። ትናንት እህቱን ጠየቅኋት፤ ስድስት ሺህ አልፏል።